እምቢ ያለችው ሳንቃ

ደቻቱን በበጋ ያየ፣ ወንዝ ብሎም አይጠራው፤
ፍየል ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይገጥምበታል በየተራው።
ውኃው ሌላ አገር ነው፣ ደንገጎ ላይ ነው ተራራው፤
እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ እዚያ ነው የሚያጓራው።
«ያን ሌሊት» ካሉ በድሬ፣ ዓመተ ምሕረት አይጠየቅም፤
ማን ምን እንዳጣ እንጂ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር አይታወቅም።

እኔ ቱንቢ ያዥ ነኝ። ክሩን ከላይ ሰቅዬ፣
ነሐሱ እስኪረጋ ድረስ ትንፋሼን አዝዬ፣
ብረቱ ዘሞ እንደሆን የምጠይቅ፣ «ቆመሃል ወይ?» ብዬ፤
ቀኑን ሙሉ ቁጥር የምጽፍ፣ በሚሊ ሜትር ከፋፍዬ።

ሳንቃዎቹ ብረት ናቸው፣ ጎናቸው እንደ ጣት የታጠፈ፣
አንዱ በሌላው መንጠቆ ተሸጉጦ ያለፈ።
«አፈር ሰነፍ ነው» ይላል ቀልቤሳ፣ መዶሻውን የሚነዳው፣
«ቁልቁል ካገኘ ይተኛል፤
ውኃ ጠጥቶ ሲሰክር ነው፣ ያኔ ነው ሰው የሚጎዳው።»
አራት ሜትር ለዓይን፣ ስምንት ሜትር ለጨለማ፤
የሚታየው ጥቂቱ ነው፣ የሚሠራው ድምፁ አይሰማ።
ዷ! ዷ! ይላል መዶሻው፣ የመጋላ ብርጭቆ ከመደርደሪያው ሲስማማ።

አርባ ሰባተኛዋ ግን፣ ከሦስት ሜትር አላልፍ አለች።
መታናት። ራሷ ተጨራመተ እንጂ ቁልቁል አልወረደች።
ቀልቤሳ ሞተሩን አጠፋ። ጢሱ ብቻ ቀረ።
ፎርማኑ ዋበሪ፣ «ቋጥኝ ነው» ብሎ ተከራከረ።
ነቅለናት ቆፈርን፤
አካፋው ከድንጋይ ሳይሆን ከብረት ጋር ተነጋገረ።

በር ነበር።
አንድ ሙሉ በር፣ አረንጓዴ ቀለሙ እንደ እከክ የተላጠ፣
ከነጓጉንቸሩ፣ እንደተቆለፈ ያፈጠጠ፤
ግድግዳው ጥሎት ሄዶ፣ እሱ ግን አደራ ያልሸጠ።

ሽኩሪያ፣ ሳምቡሳ የምትጠብስልን፣ ዘይቱን እንደፈላ ትታ መጣች፤
በጥፍሯ ፈቀፈቀችው፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ አወጣች።
«ሰማያዊው የኔ ነው፣ አረንጓዴውን እሱ ነው የቀባ»፤
እሱ ማን እንደሆነ ማንም ሊጠይቅ አልገባ።
«ያን ሌሊት ቀፊራ ጭነት ልቀበል ስወጣ...»
«ቆልፌው» አለች፣ ወይስ «ቆልፌበት»?
ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ ቃሉን ከጆሮዬ ነጠቀኝ፤
ድገሚልኝ ማለት ፈራሁ፣ ከሁለቱ አንዱ ጨነቀኝ።

አንገቷ ላይ ክር ነበር። ክሩ ጫፍ ላይ ቁልፍ ነበር፣
እንደኔው ቱንቢ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ምድር ሲያማትር።
ሞከረችው። ዝገት ነው። አልዞረም። ደግማ አልሞከረች።
«መልሱት፤ ይህን ሁሉ ዓመት አፈር ሲይዝ ነው የኖረው» አለች።
ዋበሪ ፕላኑን ገልጦ፣ በጣቱ ሁለቴ ፈለገ፤
«በር የለም እዚህ ላይ» አለ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ።

በሩን በባጃጅ ጫንነው፣ ግማሹ በጎን ተርፎ፤
ሹፌሩ ሒሳብ አልጠየቀም፣ ሄደ ድልድዩን ቀስ ብሎ አልፎ።
አርባ ሰባተኛዋ ወረደች፣ ያለ ቁጣ፣ ያለ ክርክር፣
ከአርባ ስድስት ጋር ተያይዛ፣ መንጠቆ ለመንጠቆ፣ ከንፈር ለከንፈር።
ሽኩሪያ ያረረውን ደፋች፣ አዲስ ዘይት አስቀመጠች፤
ለዋበሪ ሁለት፣ ለኔ ሦስት፣ እንደ ሁልጊዜው ቆጠረች።

ማታ፣ የድሬ ሰማይ ጠርቶ፣ አሸዋው ገና እየሞቀ፣
በደንገጎ በኩል አንድ ነገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ታወቀ።
ቱንቢዬን ሰቀልኩ፣ ከአርባ ሰባተኛዋ ራስ ላይ፤
ነሐሱ ወዲህ ወዲያ አለ፣ ቶሎ አልረጋ፣ ነፋስ ሳይታይ።
ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ወደ ወንዙ።
«የተፈቀደ ነው» አለ ዋበሪ፣ ባትሪውን እያበራልኝ።
ጻፍኩት።
ክሩን ስጠቀልል ነሐሱ፣ ካንገት እንደወረደ ቁልፍ ሞቀኝ።